ጨለማ ሁሉ ብስለት አይደለም፦ ስለ ሦስተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም የቀረበ ጥናት

ተረት የልጆች ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በሕፃንነታችን እሳት ዳር ተቀምጠን የሰማነውን የጅብና የቀበሮ ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ በመጻሕፍትና በደብተር ክምር ሥር ቀብረነዋል። አንድ ጓደኛችን «ትናንት ማታ የአስማተኞች ፊልም አይቼ ብዙ አሳሰበኝ» ቢለን ፈገግ ብለን እናልፈዋለን እንጂ ምን እንዳሳሰበው አንጠይቀውም።

ባለፈው ሰሞን ግን በመኝታ ክፍላችን ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ስምንቱን የሃሪ ፖተር ፊልሞች በየማታው አንድ አንድ እያደረግን ስንመለከት ሰንብተን ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣ አንዱ ወንድማችን «ይኸኛው ተበላሽቷል፤ የቀድሞዎቹ ደስታ የለበትም፤ ዝናም፣ ጭጋግና ሐዘን ብቻ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «እንዲያውም ያማረው በመጥቈሩ ነው፤ አሁን ገና የአዋቂ ፊልም ሆነ» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ ያለ ፍርድ ተበተነ።

እኛ ግን በነጋታው ነገሩን ስናብላላው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስሕተት ላይ ቆመው አገኘናቸው። ይኸውም ብስለትንና ጨለማን እንደ አንድ ነገር መቍጠራቸው ነው። ስለዚህ አንድ ተከታይ ፊልም «ከቀደሙት የበሰለ ነው» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ በዚሁ ፊልም ምሳሌነት ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

1. የታሪኩና የፊልሙ አመጣጥ

እንደሚታወቀው የሃሪ ፖተር ታሪክ ደራሲ እንግሊዛዊቷ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በ2007 ታተመ። ከእነዚህ ሰባት መጻሕፍት ከ2001 እስከ 2011 ድረስ ስምንት ፊልሞች ተሠርተዋል፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሎ ስለ ቀረበ የፊልሞቹ ቍጥር በአንድ በልጧል። ታሪኩ ባጭሩ፣ ቮልደሞርት በተባለ ክፉ አስማተኛ እጅ ወላጆቹ የተገደሉበትና በአክስቱ ቤት ተጨቍኖ ያደገ ልጅ፣ ሆግዋርትስ ወደሚባል የአስማት ትምህርት ቤት ገብቶ ሮንና ሄርማዮኒ ከሚባሉት ሁለት ጓደኞቹ ጋራ የሚያልፍበትን ፈተና የሚተርክ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በግምት የአንድ ዓመት ታሪክ ስለ ሆነ ልጁ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በዕድሜ ያድጋል። ይህን ልብ እንበል፤ በብዙ ተከታታይ ታሪኮች ውስጥ ጀግናው ዘወትር ያው ነውና፣ የማያድግ ጀግና ያለው ታሪክም ራሱ ሊያድግ አይችልም።

በ2001 እና በ2002 የወጡትን ሁለት ፊልሞች የመራው አሜሪካዊው ክሪስ ኮሎምበስ ነው። እነዚህ ፊልሞች የሻማ ብርሃን፣ ረዥም የግብዣ ጠረጴዛና የልጆች ሳቅ የሞላባቸው ናቸው። ዛሬ እነርሱን መናቅ እንደ ዕውቀት የሚቈጠርበት ጊዜ ቢሆንም እኛ በዚህ አንስማማም። ቤቱን ያቆመው፣ ልጆቹን የመረጠው፣ ተመልካቹም ያንን ትምህርት ቤት እንዲወደው ያደረገው ኮሎምበስ ነው። ያልተወደደ ቤት ቢጨልም ማንን ያሳዝናል?

ሦስተኛው መጽሐፍ፣ «ሃሪ ፖተርና የአዝካባን እስረኛ»፣ በ1999 ታተመ፤ ፊልሙም በ2004 ወጣ። ኮሎምበስ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ሆኖ ቀረና የዲሬክተርነቱን ሥራ በ1961 በሜክሲኮ ከተማ የተወለደው አልፎንሶ ኩዋሮን ተረከበ። ኩዋሮን ከዚያ በፊት በ1995 ስለ አንዲት ትንሽ ልጃገረድ የልጆች ፊልም፣ በ2001 ደግሞ ከልጅነት ወደ ጕልምስና ስለሚሻገሩ ሁለት ወጣቶች በአገሩ ቋንቋ የአዋቂ ፊልም ሠርቶ ነበር። እንግዲህ የዚህን ድንበር ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። ሥራው በቀረበለት ጊዜ መጻሕፍቱን ገና እንዳላነበበና ነገሩንም አቃልሎ እንዳየው፣ የአገሩ ልጅና የሥራ ባልደረባው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ግን ትዕቢቱን ገሥጾ መጽሐፉን እንዲያነብ እንዳደረገው ኩዋሮን ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ተረትን ባለማንበብ መናቅ የእኛ የተማሪዎች ድካም ብቻ አይደለም።

ሥራውን ሲጀምር ለሦስቱ ወጣት ተዋንያን አንድ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው ስለሚጫወቱት ሰው ሕይወት እንዲጽፉ ነበር። ሄርማዮኒን የምትጫወተው ኤማ ዋትሰን ብዙ ገጽ ጻፈች፤ ሃሪን የሚጫወተው ዳንኤል ራድክሊፍ አንድ ገጽ ያህል አቀረበ፤ ሮንን የሚጫወተው ሩፐርት ግሪንት ግን ምንም ሳይጽፍ ቀረ። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው ሦስቱም ትክክለኛ መልስ ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ተማሪ በየክፍላችን ስለማይጠፋ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ ስቲቭ ክሎቭስ ነው፤ ሙዚቃው የጆን ዊልያምስ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ተዋንያንም ያው ናቸው። በ2002 ያረፉትን ሪቻርድ ሃሪስን ተክተው የትምህርት ቤቱን አለቃ ደምብልዶርን የተጫወቱት ማይክል ጋምበን ብቻ ከነባሮቹ መካከል ጎላ ያለ ለውጥ ናቸው። እንግዲህ ቤቱም፣ ሰዎቹም፣ ብዕሩም ሳይለወጡ ፊልሙ ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ የተለወጠው የተመልካቹ ዐይን የሚቆምበት ስፍራ ነው ማለት ነው።

2. ዐይን እንዴት ተለወጠ

የመጀመሪያው ለውጥ በልብስ ላይ ይታያል። በቀድሞዎቹ ፊልሞች ልጆቹ ዘወትር በትምህርት ቤቱ ልብስ ተሸፍነው ነበር። በሦስተኛው ከትምህርት ሰዓት ውጭ የራሳቸውን ሱሪና ሹራብ ይለብሳሉ፤ የደንብ ልብሱንም ሲለብሱ ከረባታቸው የላላ፣ ሸሚዛቸው የወጣ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የ13 ዓመት ልጅ «እኔ እኔ ነኝ» ማለት የሚጀምረው በከረባቱ አስተሣሠር ነው።

ሁለተኛው በካሜራው አያያዝ ነው። ኩዋሮን ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ይመርጣል፤ ትዕይንቱንም ቶሎ ቶሎ ከመቍረጥ ይልቅ ሳያቋርጥ ረዥም ጊዜ ይከተላል። የሮን አባት ሃሪን በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ወደ ጥግ ወስደው፣ ከወህኒ ያመለጠው ሲሪየስ ብላክ ሊገድለው እንደሚፈልገው ሲያስጠነቅቁት ካሜራው ሁለቱን እየተከተለ በሰው መካከል ይሄዳል። የተፈላጊው ሰው ሥዕልም ከግድግዳው ላይ ይጮኻል። በዚያው ቅጽበት በአጠገባቸው ሰዎች ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ስለዚህ አደጋው ለብቻው ተነጥሎ የሚታይ ነገር ሳይሆን በዕለታዊ ኑሮ መካከል የተቀመጠ ሆኖ ይሰማናል።

ሦስተኛው የቦታና የወቅት ነገር ነው። ከውጭ ከተቀረፁት ትዕይንቶች ብዙዎቹ ግሌንኮ በሚባለው የስኮትላንድ ተራራማ አገር ተነሥተዋል። ትምህርት ቤቱ አሁን ቍልቍለት፣ ድልድይ፣ ጭቃና ጭጋግ አለው። በግቢው ያለው ተማቺ ዛፍ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ በረዶውንም ሲነቀንቅ እያየን ወራት ማለፋቸውን እናውቃለን። በቤቱ ውስጥም ትልቅ ሰዓት ተተክሎ ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋና ጉዳይ መሆኑን ፊልሙ ሳይናገር አስቀድሞ ያስተምረናል።

ቀለሙም ደብዝዟል፤ ብርሃኑ የክረምት ብርሃን ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ልብስ ናቸው። ልብስ ገላን ሊያመለክት ይችላል እንጂ ገላ አይሆንም። ከዚህ ፊልም ወዲህ የወጡ ብዙ ተከታይ ፊልሞች ቀለሙን ብቻ አጥቍረው ብስለትን ያገኙ መስሏቸው ነበር። የብስለቱ ሥር ወዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ከቀለም አልፈን ወደ ነገሩ መግባት አለብን።

3. ፍርሃት ከውጭ ወደ ውስጥ

ጓደኛችን «ጥቍር» ባለው በዚህ ፊልም ውስጥ አንድም ሰው አይሞትም። አንባቢ ይህን ሲሰማ ይደነቅ ይሆናል። በመጀመሪያው ፊልም አንድ መምህር ይሞታል፤ በሁለተኛው ሃሪ አንድ ግዙፍ እባብ በሰይፍ ይገድላል። በሦስተኛው ግን የሚሞት ሰው የለም፤ ዋናው ጠላት ቮልደሞርትም ከነጭራሹ አይታይም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የፊልም መርማሪዎችም ዘንድ ይህ ፊልም ልጆች በወላጅ ምክር ሊያዩት ከሚችሉት መደብ አልወጣም፤ ወደ ከፍተኛው የዕድሜ መደብ የተዛወረው በ2005 የወጣው አራተኛው ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ ይህን ፊልም ጨለማ ነው የሚለው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ ዲሜንተር የሚባሉት ፍጥረታት ናቸው። የአዝካባን ወህኒ ቤት ጠባቂዎች ናቸው፤ ፊት የላቸውም፤ ሰውን በጦር አይወጉም፤ ነገር ግን በደረሱበት ሁሉ ደስታን ከሰው ልብ ይመጥጣሉ። ባቡሩ በድንገት ቆሞ መስኮቱ በውርጭ ሲሸፈን፣ በጠርሙስ ያለው ውሃ ሲረጋ፣ ሃሪ ከሩቅ የሴት ጩኸት ሰምቶ ራሱን ስቶ ሲወድቅ እናያለን። የፊልሙ ሠራተኞች እነዚህን ፍጥረታት ለማሳየት በመጀመሪያ አሻንጉሊት ውሃ ውስጥ እያንሳፈፉ ሞከሩ፤ በኋላ በኮምፒዩተር ሲሠሯቸው ያንን በውሃ ውስጥ እንዳለ ጨርቅ የዘገየ እንቅስቃሴ አስቀሩላቸው። በፍጥነት የሚመጣ ጠላት ያስደነግጣል፤ በዝግታ የሚመጣ ግን ተስፋ ያስቈርጣል።

ደራሲዋ ዲሜንተሮችን የሳሉት ራሳቸው ካለፉበት ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት እንደ ሆነ ተናግረዋል። ይህን ካወቅን በኋላ ፊልሙን ዳግመኛ ስናየው ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ዲሜንተር በሰይፍ አይገደልም። የሚያባርረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ከልቡ የደስታ ትዝታ አውጥቶ እርሱን አጥብቆ ሲይዝ ከበትሩ የሚወጣ ፓትሮነስ የሚባል ብርሃን ነው። መምህሩ ሉፒን ይህን ሲያስተምሩት ሃሪ የመረጠው ትዝታ ወላጆቹ ሲያነጋግሩት የሚያሳይ ነበር፤ እውነት ይሁን ወይም ራሱ የፈጠረው ምኞት ግን እርግጠኛ አልነበረም። ያም ሆኖ ሠራለት።

ሉፒን በመጀመሪያው ትምህርታቸው ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ያዘጋጃል። ቦጋርት የሚባለው ፍጥረት መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱ ተማሪ አብዝቶ የሚፈራውን ነገር መስሎ ይወጣል፤ መድኀኒቱም መሣቅ ነው። ሮን የሸረሪት ፍርሃቱን፣ ኔቪል የመምህር ፍርሃቱን በሣቅ ያሸንፋል። የሃሪ ተራ ሲደርስ ግን የወጣው ዲሜንተር ነበር፤ ሣቁም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሉፒን በኋላ እንዳስረዱት ይህ ልጅ አብዝቶ የሚፈራው ፍርሃትን ራሱን ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ ራሳችን ጥቂት ብንናገር አንባቢ አይቀየመን። በአንደኛው ዓመት ከእኛ ጋራ ይኖር የነበረ አንድ ልጅ ወሩን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ክፍል አይገባም፤ ምግብ ቤትም ካልጐተትነው አይሄድም። እኛ ሰነፍ ነው አልን፤ ቀለድንበትም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ ባቡሩን፣ ውርጩንና የወደቀውን ልጅ ስናይ የምናስታውሰው እርሱን ነው። በፊልሙ ውስጥ ሃሪ ሲወድቅ መምህሩ ቸኮላታ ቈርሰው ይሰጡታል፤ የሚያላግጥበት ድራኮ የተባለ ተማሪም አለ። እኛ የዚያን ጊዜ የቆምነው ከማን ወገን እንደ ነበር መናገር አያሻም።

4. ፍርድ ሲሳሳት

የልጆች ተረት አንድ ሕግ አለው፤ መጨረሻ ላይ ክፉው ይቀጣል፣ ደጉም ይሸለማል። ሦስተኛው ፊልም ይህን ሕግ በሦስት ሰዎችና በአንድ እንስሳ ይፈትነዋል።

ሲሪየስ ብላክ ወዳጆቹን ከድቶ ለቮልደሞርት አሳልፎ ሰጥቷል፣ ብዙ ሰዎችንም ገድሏል ተብሎ 12 ዓመት በአዝካባን ታሥሯል። ሚኒስትሩ ያምናሉ፤ መምህራኑ ያምናሉ፤ ጋዜጣውም ያንኑ ይጽፋል። ዳሩ ግን ከዳተኛው እርሱ ሳይሆን ሞተ የተባለው ፒተር ፔቲግሩ ነው፤ እርሱም በአይጥ መልክ ተሰውሮ በሮን ቤተ ሰብ ውስጥ 12 ዓመት ሲቀለብ ኖሯል። አንዱ በወህኒ ሌላው በቅልብ ያሳለፉት ዘመን እኩል መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

በክ ቢክ የሚባለው ፍጥረት ግማሹ ንስር ግማሹ ፈረስ ነው። ክብሩን የሚወድ እንስሳ ስለ ሆነ እጅ ነሥቶ የሚቀርበውን አይነካም። ድራኮ ሰድቦት ክንዱን ቢቈስል፣ የልጁ አባት ባለሥልጣን በመሆናቸው እንስሳው ሞት ተፈረደበት። ፍርዱን የሰጡት ሰዎች እውነቱን ያልሰሙ አይደሉም፤ ሰምተው ከእውነቱ ይልቅ ሰውየውን ፈሩ እንጂ።

ሦስተኛው መምህር ሉፒን ናቸው። በልጅነታቸው ተነክሰው በያዛቸው ደዌ ምክንያት ጨረቃ በሞላች ቍጥር ወደ ተኵላነት ይለወጣሉ። በትምህርት ቤቱ ካሉት መምህራን ሁሉ ደግ እርሳቸው ናቸው፤ ምስጢራቸው በታወቀ ማግሥት ግን የወላጆችን ቍጣ ሳይጠብቁ ሥራቸውን ለቀው ሻንጣቸውን ያሥራሉ። ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ነው፤ ቡዳ ናት፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያለ፣ በሠሩት ማረሻ እያረሰ፣ በሠሩት ድስት እየበላ ከእነርሱ ጋራ ላለመጋባት የሚምል ሰው ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የሉፒን ታሪክ ለእንግሊዙ ተመልካች ተረት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የጎረቤታችን ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንመልከት። ፔቲግሩ ያመልጣል። ሲሪየስ ነፍሱን ያድናል እንጂ ስሙን አያድንም፤ ስደተኛ ሆኖ በበክ ቢክ ጀርባ ላይ ይበራል። ሉፒን ይሄዳሉ። እውነቱን የሚያውቁት ጥቂት ልጆችና ደምብልዶር ብቻ ናቸው፤ የልጆችንም ምስክርነት ማንም አይቀበልም። ሃሪ በመጨረሻ «የደከምነው ሁሉ ምን ጠቀመ?» በሚል መንፈስ ሲያዝን፣ ሉፒን አንድ ንጹሕ ሰው ከሞት መዳኑ ቀላል ነገር እንዳይደለ ያስረዱታል። ከዚህ ውጭ መጽናኛ አይሰጡትም፤ ልጁም ሌላ አይጠይቅም። የፊልሙ ጕልምስና በዚህ አነጋገር ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ዓለም በአንድ ዓመት አትስተካከልም፤ ሆኖም አንድ ሰው ማዳን ከምንም አለማዳን ይሻላል።

ልጁ ይህን ያገኘው በነጻ አይደለም። ሲሪየስና ሉፒን ፔቲግሩን ሊገድሉት ሲነሡ ያስቀራቸው ሃሪ ነው፤ ወላጆቹን ያስገደለውን ሰው ማለት ነው። ምክንያቱም የአባቱ ወዳጆች ነፍሰ ገዳዮች እንዲሆኑ አባቱ አይወድም ነበር የሚል ነው። በዚህ ምሕረት ምክንያት ከዳተኛው አመለጠ። በሕፃናት ተረት ምሕረት ወዲያው ዋጋ ታገኛለች፤ በዚህ ፊልም ግን ምሕረት ዋጋ ታስከፍላለች። ያም ሆኖ ፊልሙ «መግደል ነበረበት» ብሎ አይፈርድም።

5. ከሐይቁ ማዶ

ከሁሉ የሚበልጠውን ወደ መጨረሻ አቆይተነዋል። በሐይቁ ዳር ዲሜንተሮች እንደ መንጋ በሃሪና በሲሪየስ ላይ ይወርዳሉ። ሃሪ ሊሞት ሲቃረብ ከሐይቁ ማዶ አንድ የብርሃን አጋዘን ወጥቶ ይበትናቸዋል፤ ከአጋዘኑ ኋላም አንድ ሰው ቆሞ ያያል። ሲነቃ «አባቴን አየሁ» ይላል።

ከዚያም ሄርማዮኒ ጊዜን ወደ ኋላ በሚያዞር የአንገት ጌጥ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፤ ያንኑ ምሽት ከሌላ አቅጣጫ እንደገና እናያለን። በመጀመሪያው ጊዜ ከሩቅ መጥረቢያ ሲወድቅ አይተን በክ ቢክ ሞተ ብለን ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱ ልጆች አስቀድመው ፈትተው እንደ ወሰዱት እናውቃለን። በመስኮት የተወረወረችውን ድንጋይ የወረወሩት ራሳቸው ናቸው። ስንፈራው የነበረው የተኵላ ጩኸት የሄርማዮኒ ድምፅ ነበር። ታሪኩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው። ጥናት ማለትስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ሃሪ በሐይቁ ማዶ በቍጥቋጦ ውስጥ ሆኖ አባቱን ይጠብቃል። ከወዲያ ማዶ ራሱንና ሲሪየስን ሲሞቱ እያየ «ይመጣል፤ አሁን ይመጣል» ይላል። ሄርማዮኒ ማንም እንደማይመጣ ትነግረዋለች። ማንም አልመጣም። የዚያን ጊዜ ልጁ ከተሸሸገበት ወጥቶ በትሩን አነሣ፤ አጋዘኑም ወጣ። ቀድሞ አባቱን መስሎ የታየው ሰው ራሱ ነበር።

ብስለት የምንለው ይህን ነው። ፊልሙ የበሰለው ስለ ጨለመ አይደለም፤ ተመልካቹን ከጨለማው ዳር አምጥቶ «የምትጠብቀው ሰው ማን ነው?» ብሎ ስለ ጠየቀው ነው። በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ልጁ ሲጨነቅ እርዳታ ከሌላ ይመጣ ነበር፤ በሁለተኛው ፊልም ወፍ ሰይፍ ይዞለት እንደ መጣ ታስታውሳላችሁ። በሦስተኛው ወፉ አልመጣም።

እኛም ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ በትምህርት ቤት ስንኖር ሁልጊዜ አንድ የሚመጣ ሰው ነበር፤ አባት፣ መምህር፣ አጐት፣ መንግሥት። አሁንም ብዙዎቻችን ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን «ይመጣል» እያልን ነው። የመኝታ ቤቱ ቧንቧ ቢበላሽ አንድ ሰው ይመጣል፤ ጓደኛችን ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞር አንድ ሰው ይመጣል። ያ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ የምንጠብቀው ሰው አልመጣም ነበር።

6. ስለ ጕድለቱ

ፍቅራችን ዐይናችንን እንዳይጋርደው ጕድለቱንም እንጥቀስ። ታላቁ ጕድለት፣ ሃሪ ያገኘውን የምስጢር ካርታ የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ ፊልሙ አለመግለጹ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካርታውን የሠሩት የሃሪ አባት፣ ሲሪየስ፣ ሉፒንና ፔቲግሩ ናቸው፤ አባቱም በአጋዘን መልክ የሚለወጥ ሰው ነበር። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ብርሃኑ ስለ ምን አጋዘን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይወጣል፤ ከታሪኩ ልብ አንድ ጠብታ ፈሰሰ ማለት ነው። መጽሐፉ ከቀደሙት ሁለቱ የረዘመ ሲሆን ፊልሙ ግን 142 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ከሁለቱም ያጠረ ነው። ማሳጠሩን አንነቅፍም፤ ይህን ለማስረዳት ግን አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሃሪ በአዲስ መጥረጊያ ላይ ሲበር ፊቱ ደንዝዞ የሚቆምበት የመጨረሻው ሥዕል ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ ቸኩሎ የተለጠፈ ደስታ ይመስላል።

ከገበያው አንጻር ደግሞ፣ በመላው ዓለም ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ቢያስገባም ከስምንቱ ፊልሞች ያነሰውን ያገኘ ይኸው ነው። በተቺዎች ዘንድ ግን ከስምንቱ ምርጦች እንደ አንዱ ሲቈጠር ኖሯል። ገበያና ሚዛን ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

7. መደምደሚያ

እንግዲህ አንድ ተከታይ ፊልም በሰለ ለማለት ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ ይበቃናል። አንደኛ፣ ፍርሃቱ ከውጭ ካለ ጭራቅ ወደ ሰው ልብ ገብቷልን? ሁለተኛ፣ ፍርድ ሊሳሳት፣ ምሕረትም ዋጋ ልታስከፍል እንደምትችል ለማሳየት ደፍሯልን? ሦስተኛ፣ ጀግናው ከሌላ ይጠብቀው የነበረውን በራሱ ላይ ወስዷልን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ ፊልሙ በፀሐይ ብርሃን ቢቀረፅም የበሰለ ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ግን በቀለም ላይ ቀለም ቢደረብበት ጥቍር ይሆናል እንጂ አዋቂ አይሆንም።

አንባብያን በየክፍላቸው እንዲወያዩበት ሁለት ጥያቄ ትተን እንሰናበታለን።

ሀ) ሃሪ ፔቲግሩን በማዳኑ ተሳስቷልን? የተሳሳተ ነው የምትሉ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ሳታውቁ በእርሱ ስፍራ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ለ) በመኝታ ክፍላችሁ ውስጥ በዚህ ሳምንት ክፍል ያልገባ ሰው አለን? ማን ጠየቀው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ፊልሙን ማየት አያስፈልግም።